ለአደባባዩ ጀርባ የሰጠችው ሐመልማል

እኛ ከተማ ሰው ሲወለድ ስም ይወጣለታል፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ደግሞ ሰገነት ይወጣለታል። ስም ሳይወጣለት የቆየ ሕፃን አይቻለሁ። ሰገነት ሳይወጣለት የቆየ ልጅ ግን አላየሁም። የከተማውን ስም አትጠይቁኝ፤ ብትደርሱ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ አንድ በኩል ያዞረበት ከተማ ነው።

የማወራላችሁ ስለ ሐመልማል ነው። ጎረቤቴ ናት፤ ከአንድ ጡት አልጠባንም እንጂ ከአንድ ሳህን በልተን ነው ያደግነው። ከእኔ የምትለየው ዝም ማለት መቻሏ ነው። ስለዚህ የደረሰባትን ለእኔ ነገረችኝ፣ እኔ ደግሞ ለእናንተ፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነን።

ቆይ ግን መጀመሪያ የሰገነቱን ነገር ላስረዳችሁ፣ አለዚያ እብዶች ናቸው ብላችሁ ትነሳላችሁ። ሰገነቱ ወደ አደባባዩ ነው የሚያየው። ትወጣላችሁ፣ ትቆማላችሁ፣ የሆነ ነገር ታደርጋላችሁ። ታች ያለው ሰውና በየሰገነቱ ያለው ሰው ከወደደላችሁ እልል ይላል። እልልታው ከበዛ በነጋታው ግንበኞች ይመጡና ከክፍላችሁ ሥር አንድ ፎቅ ያስገቡላችኋል። አዎ፣ ከሥር። እንዴት ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እነሱንም ጠይቀናቸው "ሞያ ነው" ብለው ነው ያለፉት። እናንተ ከነሰገነታችሁ ከፍ ትላላችሁ፣ ቤተሰብ ታች ይቀራል፣ ምግብ በቅርጫትና በገመድ ይወጣላችኋል። ደረጃ አይሠራም። ይህን ሁሉ የሚመሩት የከፍታ ሹሙ አንዴ "ለምን?" ተብለው ሲጠየቁ፣ "እስካሁን መውረድ ፈልጎ ቢሮዬ ድረስ የመጣ ሰው የለም" አሉ። በምን ወርዶ ይምጣ እንግዲህ!

ሹሙ ራሳቸው ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። ልጆቻቸውም ሰገነት የላቸውም። "ነፋስ አይስማማቸውም" ይላሉ። እኛም ነፋስ የማይስማማቸው ልጆች እያልን እናዝንላቸው ነበር።

ሌላ አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ ሕግ እንኳ አይደለም፣ ነውር ነው። ለአደባባዩ ጀርባ አይሰጥም። ከሰገነት ወደ ክፍል የሚገባ ሰው ፊቱን ወደ ሕዝቡ እንዳደረገ የኋሊት ነው የሚገባው። በዚህ የተነሳ የእኛ ከተማ ልጅ ማጅራቱ ላይ እብጠት አለው። የበር መቃን የሚገጨን እዚያ ጋ ነው። እንግዳ ሰው ሲያየን በዘር የመጣ ይመስለዋል።

እና ሐመልማል አንድ ቀን ብርድ ልብስ ልታናፍስ ሰገነቷ ላይ ወጣች። እኔ ታች ቆሜ ስለ ምንም ስለፈልፍ ልታስቀኝ ብላ ብርድ ልብሱን ተከናነበችና እንቁላሏ የጠፋባት ዶሮ ሆነች። ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምናውቃት ዶሮ ናት። ታያለች፣ ትደነግጣለች፣ ሥሯን ትፈትሻለች፣ ጎረቤት ትጠረጥራለች። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከኋላዬ አደባባዩ እልል አለ።

በነጋታው ግንበኞቹ መጡ።

እናቷ እትዬ አስካለ ደስታዋን ምን ልበላችሁ! "የእኔ ልጅ ከፍ አለች!" እያለች የማታውቀውን ሰው ሁሉ ስማለች። ሐመልማልም ደስ ብሏታል፣ ለምን እዋሻለሁ። ከላይ ሆና "አንቺ፣ የእናንተ ቤት ጣራ ላይ እኮ የጠፋችው ኳሳችን አለች!" ስትለኝ ትዝ ይለኛል። እዚያ ድረስ ጥሩ ነበር።

ችግሩ ዶሮዋ ናት። በማግስቱም ዶሮዋን አሏት። ከዚያ ዶሮዋ ባርኔጣ ታድርግ አሉ። ከዚያ ዶሮዋ ታልቅስ አሉ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ ፎቅ። አንድ ቀን ቁርሷን ስትበላ እጇ በራሱ እንደ ዶሮ እየጫረ አገኘችው። ክፍሏ ውስጥ አልጋ እያለ እልልታ እንዳያመልጣት ሰገነቱ ላይ፣ ጉንጯን ብረቱ ላይ አድርጋ መተኛት ጀመረች። መተኛት ካላችሁት ማለት ነው። የሰገነት ልጅ ዓይኑን ይከድናል እንጂ ጆሮውን አይከድንም።

አራተኛው ፎቅ ሲገባ ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። ከዚያ ከፍታ ላይ የሰው ቃል አይሰማም፤ የሚደርሰው ድምፅ ብቻ ነው። እልልታ ይሁን ስድብ፣ ሙድ ይያዙባት ያድንቋት፣ ሁሉም "ኡኡኡ" ነው። እሷ ደግሞ ዝም ማለት እንጂ ነገር መተው አትችልም። እያንዳንዱን "ኡኡኡ" ይዛ ታገላብጠዋለች። ከታች "ሐሙ! ደህና ነሽ?" ብዬ ስጮህ፣ እኔም "ኡኡኡ" ነው የሆንኩባት። ፊቷ ሲጠወልግ አየሁ፤ ምን እንዳልኳት የገመተችውን እስካሁን አልነገረችኝም።

ከዚያ የማክሰኞው ነገር መጣ። ዶሮዋን ጀምራ መሃል ላይ አስነጠሳት። በዚያች ቅጽበት ከተማው በሙሉ ጮኸ። እንደዚያ ዓይነት ጩኸት ሰምታ አታውቅም። ረጅም ነው፣ ሳቅም አለበት፣ እሪታም አለበት። የኋሊት ገባች፣ መቃኑ ማጅራቷን ገጫት፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። በነጋታው ወጥታ ቆመች፤ ዶሮ የለ፣ ሰላምታ የለ። ብረቱን ይዛ አደባባዩን ማየት ብቻ።

ቅርጫቱ እንደተሞላ ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ እትዬ አስካለ "ታዋቂ ሰው ትንሽ ነው የሚበላው" አለች። ቀጥሎ ሆዷ ባባና የአንገት ሐኪሙን ጠራች። እኛ ከተማ ዋናው ሐኪም የአንገት ነው፤ ሁሉም ወደ ላይ ስለሚያንጋጥጥ ሥራ አይጠፋበትም። ሐኪሙ አደባባዩ ላይ ቆሞ፣ አቅርቦ በሚያሳይ መነፅር አራተኛ ፎቅን አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ፈረደ።

"ከፍታ አንሷታል።"

"ወይኔ ልጄን! ምን ይሻላል ዶክተር?"

"አንድ ፎቅ ይጨመርላት። ቅዳሜ ግንበኞቹ ጊዜ አላቸው።"

እኔ ይህን ስሰማ አለቀላት አልኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የከተማው ገመድ አራተኛ ፎቅ ድረስ ነው የሚበቃው። አምስተኛ የወጣ ሰው ቅርጫት አይደርሰውም። አብሮን የተማረው ምትኩ አምስተኛ ላይ ነው። መጀመሪያ እጁን ሲያወዛውዝ ይታይ ነበር፣ ቀጥሎ ኮቱ ብቻ። ኮቱ በእንጨት ተሰቅሏል፣ ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል፣ ሕዝቡ እልል ይላል። ከኮቱ ኋላ ምትኩ ይኑር አይኑር የጠየቀ የለም። ሐመልማል ደግሞ ኮት እንኳ የላትም።

ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ የሐመልማልን ቤት ግድግዳ ጥግ ጥጉን እያለቀስኩ ስሄድ፣ ስሄድ፣ ግድግዳው አለቀ። ዞርኩ። ለካ ቤቱ ከኋላም ወገን አለው! እዚያ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሽንኩርት ታጠጣለች። የሐመልማል የአባቷ እህት፣ እትዬ ትርንጎ። አደባባይ ሄዳ ስለማታውቅ የሞተች መስሎን ነበር።

"ምነው አንቺ? ማን ሞተ?" አለችኝ።

"እርስዎ መስለውኝ ነበር" አልኳት፣ አፌ አያርፍ።

"እኔማ አለሁ። ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሽው?"

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ከብርድ ልብሱ ጀምሮ። እኔ ሳወራ ሰው ፊቱን ያዞራል፣ እሷ ግን የውኃ ቆርቆሮዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። ስጨርስ ቀና ብላ የቤቱን ጀርባ አየች፤ እኔም አየሁ። ቅድም አለቅስ ነበር፣ አሁን ግን ልሳቅ ወይ ልጩህ አላወቅሁም። ግንበኞቹ ከኋላ ግድግዳ አልሠሩም! ማን ያየዋል ብለው ትተውታል። እንጨታቸውን፣ ርብራቡን፣ መሰላላቸውን አንስተው አያውቁም። ከመሬት እስከ አራተኛ ፎቅ መውጫ መውረጃው ተደርድሮ ቁጭ ብሏል። ያልታወቀው ማንም ዘወር ብሎ ስላላየ ነው።

"ድንች ቀቅያለሁ፣ ቆይ ልያዝላት" አለችና ትኩስ ድንች በነጠላዋ ቋጥራ ትወጣ ጀመር። እኔ ከኋላዋ። "እትዬ፣ ይወድቃሉ!" ብላት፣ "ብወድቅ አንቺ ላይ ነው፣ ምን ቸገረኝ" አለችኝ።

ሐመልማል ጀርባዋን ለእኛ፣ ፊቷን ለአደባባዩ ሰጥታ ቆማለች። ከኋላ ስትታይ እንዴት አንሳለች! ወለሉ ሲንቋቋ ሰማች፤ አልዞረችም።

"ማነው?"

"ሰው ነው" አለች እትዬ ትርንጎ እያለከለከች።

"ከየት የመጣ ሰው?"

"ከጓሮ።"

"የምን ጓሮ?"

"ወይ ጉድ! ዳዴ ያልሽው እኮ የእኔ ሽንኩርት መደብ ላይ ነው። ነይ፣ ዘወር በይና ሳሚኝ።"

"አክስቴ? ... አልችልም። ያዩኛል።"

"ምንሽን?"

"ጀርባዬን።"

"ጀርባሽ ምን ሆነ? ይኸው እያየሁት ነው። ደህና ጀርባ ነው፣ ትንሽ ከስቷል እንጂ።"

ሐመልማል ብረቱን አጥብቃ ያዘች። "አታውቂም አክስቴ። ማክሰኞ ዕለት አስነጠሰኝ፤ ከተማው ሁሉ ሳቀብኝ። ያ ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ ነው። አንድ ጥሩ ነገር አድርጌ ካላስረሳኋቸው መውረድ አልችልም። ግን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ዶሮዋም ጠፋችብኝ።"

ያኔ ነው የገባኝ። "አንቺ!" አልኩ፣ "ማክሰኞ? ቲማቲሙ እኮ ነው!"

"የምን ቲማቲም?"

"የቲማቲም ጋሪው! አህያው ደንብሮ ጋሪውን አደባባዩ መሃል ገለበጠው፣ የከፍታ ሹሙ ሲያልፉ አዳለጣቸውና ቲማቲም ላይ ዘፍ! ተነሥተው ዳግመኛ ዘፍ! ሰዉ ጮኸ፣ እኔ ራሴ ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። አንቺን ማን አየሽ?"

"ማንም አላየኝም?"

"እኔ ልሙት! እኔ እንኳ አላየሁሽም፣ ሹሙን ነበር የማየው።"

በኋላ እንደነገረችኝ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው የመጣባት። አንደኛው እፎይታ። ሁለተኛው፣ ያን ሁሉ ቀን ያልበላችው፣ ያልተኛችው፣ ለቲማቲም መሆኑ። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሰች ስል፣ ለካ ሳቅ ነው። ቀጭን ሳቅ፣ ከዛገ በር የሚወጣ ዓይነት። ከዚያ ግን እውነተኛ ለቅሶ ሆነ፣ ሁለቱ ተደባለቁ። ሳቋን ጨርሳ ትንሽ ጠበቀች፤ እልልታ ይመጣል ብላ እኮ ነው! አልመጣም። ያለነው እኛ ነን። እትዬ ትርንጎ በዚያ ሰዓት ነጠላዋን ፈታች፣ የትኩስ ድንች ሽታ ወጣ።

ሐመልማል ዞረች። ለእኛ ብላ ነው ልላችሁ ፈልጌ ነበር፣ ግን ለድንቹ ነው።

እየበላች ታወራ ጀመር፣ አፏ ሙሉ ነው። "ብወርድ እኮ ይረሱኛል።"

"ይርሱሽ እንጂ! እኔን ረስተውኝ ይኸው ስንት ዘመን፣ ጉንጬን እይው።" አክስቷ ጉንጯን ነፋችላት። "ስሚኝ እናት ዓለም። ሰገነት አልጠላሁብሽም። ግን ሰገነት ለሰላምታ ነው እንጂ ለመኝታ አይደለም። ሰላም ብለሽ ትገቢያለሽ፣ ፊትሽን ወደ በሩ አዙረሽ፣ እንደ ሰው። የሚበላውን ቁጭ ብለሽ ትበያለሽ። ሲከፋሽ ደግሞ ለአደባባዩ አይደለም የሚነገረው፣ ለአንድ ሰው ነው። ይህቺ ለፍላፊ ታዲያ ለምን አለች?"

"እኔ ጆሮም አለኝ" አልኩ፣ ትንሽ ተቀይሜ።

ወረድን። ሐመልማል መሃል፣ አክስቷ ከታች፣ እኔ ከላይ። በየመሰላሉ ቆማ ታርፋለች፣ እግሯ መሄድ ረስቷል። እትዬ አስካለ ጓሮ ስታገኛት ጮኸች፣ ከዚያ ማጅራቷን ዳበሰች፣ ከዚያ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ አድርጋ ያዘቻት። "ከፍ ስትል ጊዜ እኮ ደህና የሆነች መስሎኝ..." አለች፣ አልጨረሰችውም።

በአንዴ ዳነች ብዬ አልዋሻችሁም። መጀመሪያ ላይ እየባነነች ተነሥታ አደባባዩን ትፈልጋለች፣ አጥሩን ይዛ ትቆማለች። አክስቷ አትቆጣትም፤ የውኃ ቆርቆሮውን ታስይዛታለች። ስታጠጣ ስታጠጣ ይበርድላታል። እንቅልፏም እንደ ተቀየመች ድመት ነው የተመለሰው፣ መጀመሪያ በር ላይ፣ ከዚያ እግሯ ሥር፣ ከዚያ ነው አልጋ ላይ የወጣው። ጓሮ ውስጥ እውነተኛ ዶሮ አለች። ሐመልማል አንድ ቀን ፊቷ ቆማ ያቺን ዶሮ ሆነችላት። ዶሮዋ አየቻትና ወደ ጥሬዋ ተመለሰች። "እሷ ብቻ ናት እውነቱን የነገረችኝ" አለችኝ፣ እየሳቀች።

ሐኪሙ ባለው ቅዳሜ፣ እሷ በወረደች በጥቂት ቀን፣ ግንበኞቹ መጡ። ክፍሉ ባዶ መሆኑን አላዩም፤ ለምን ያያሉ፣ ሥራቸው ከሥር ነው። አምስተኛውን ፎቅ አስገቡ። ብረቱ ላይ የሐመልማል ሻርፕ ታስሮ ቀርቶ ነበር። ነፋስ መጣ፣ ሻርፑ ተወዛወዘ፣ ከተማው እልል አለ። በሕይወቷ ያንን ያህል እልልታ አግኝታ አታውቅም።

እሷ እዚያው ታች ነበረች፣ አደባባዩ መሃል፣ ከእኔ ጋር ቲማቲም እየገዛን። አጠገባችን ያለች ሴትዮ ክርኗን ነካ አድርጋ፣ "ዛሬማ እንዴት አምሮባታል!" አለቻት።

"አዎ" አለች ሐመልማል ቀና ብላ። "ትንሽ ግን የከሳች አልመሰለሽም?"

"ታዋቂ ሰው ይከሳል እህቴ" አለች ሴትዮዋ፣ ወደ ሌላ ሰገነት ዞር እያለች።

ሐመልማል ቲማቲሟን መርጣ ጨረሰች።

የጓሮው ወሬ ሲሰማ የከፍታ ሹሙ አዋጅ አስነገሩ፦ "ጓሮ የሚባል ነገር የለም።" በማግስቱ ጓሯችን ውስጥ የማናውቃቸው ልጆች ገመድ ሲዘሉ አገኘናቸው። ጉንጫቸው ቀይ፣ ማጅራታቸው እብጠት የሌለበት።

"እናንተ ደግሞ ከየት መጣችሁ?" አልናቸው።

"እኛማ ሁልጊዜም ጓሮ ነን" አለች ትልቋ። "አባባ ነው፣ በጓሮ በኩል ብቻ ተጫወቱ ብሎ ያዘዘን። ሹም ነው እኮ አባባ።"

ገመዱን ተቀበልናቸውና ዘለልን፤ እነሱ ምን አጠፉ።

የምትኩንም ነገር ላልነግራችሁ ነበር እንዴ! በኋላ በኩል ወጣን፣ እሱም ቤት መሰላል አለ። ከኮቱ ኋላ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘነው፣ ከላይ እስከ ታች ገርጥቷል፤ ግንበኞች በምሳ ሰዓት የሚተዉትን ፍርፋሪ ዳቦ ሲበላ ነው የኖረው። ሐመልማል ትከሻውን ነካ አድርጋ "ዘወር በል" አለችው። ዞረ። ተነሥቶ አያት አያትና፣ "ድንች ሸተተኝ" አለ። አወረድነው። ኮቱን ግን ተውነው፣ ሥራውን ይሥራ።

አሁን ሐመልማል ሰገነት ትወጣለች፣ የእኔው ላይ፣ ከፍ ብሎ የማያውቀው። ቁርሷን በልታ ትወጣለች፣ ስሙን ለምታውቀው ሰው ሰላምታ ትሰጣለች፣ ካማራት ዶሮ ትሆናለች፣ ካላማራት አትሆንም። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ዞራ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትገባለች። መጀመሪያ ቀን "ጀርባ ሰጠችን!" ብለው ተንጫጩ። ቃል በቃል ሰማቻቸው፣ ከዚያ ርቀት ሁሉም ይሰማል፤ እራት ሊበርድ ነው ብላ ገባች። አሁን ሌሎችም መዞር ጀምረዋል። የእኔ እብጠት ጠፍቷል፣ ከፈለጋችሁ ዳብሱት።

እና ምስጋናው። እኛ ከተማ ምስጋና ከሰገነት ነው የሚጮኸው፣ ሁሉም እንዲሰማ። ሐመልማል አክስቷን ልታመሰግን አስባ አስባ፣ አንድ ቀን ሌላ ሻርፕ አድርጋ ወደ ሰገነት ልትወጣ ስትል እትዬ ትርንጎ ከሽንኩርቷ ቀና አለች።

"ወዴት ነው?"

"ላመሰግንሽ ነው አክስቴ።"

"እኔ እዚህ ሆኜ?"

ሐመልማል ቆመች። ወደ ሰገነቱ አየች፣ ወደ አክስቷ አየች። ከዚያ ሻርፑን አውልቃ፣ ሽንኩርት መደቡ አጠገብ ተንበረከከችና ጆሮዋ ሥር ነገረቻት። ብዙ ደቂቃ ነው የነገረቻት። እትዬ ትርንጎ ጭቃ እጇን ይዛ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ በክንዷ ዓይኗን ትጠርጋለች። እልል ያለ የለም። ዶሮዋ ብቻ እየጫረች አለፈች።

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ምን እንዳለቻት ግን አልነግራችሁም።